ከግድቡ በታች ያለው የኦሞ ዓሣ

ቱርሚ ላይ ስለ ዓሣ የሚያወራ ሰው ይሳቅበታል። ቢሳቅበትም አይፈረድም። የከተማችን ወንዝ ከስኬ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች አሸዋውን በእጃቸው ይቆፍሩና ከሥር የሚያቃጭለውን ውሃ በቅል እየጨለፉ ጀሪካናቸውን ይሞላሉ። ሰኞ በሚቆመው ገበያም ማሽላ፣ ማር፣ ቅቤና ፍየል እንጂ ዓሣ ፈልጎ የሚመጣ የለም። የሐመር ሰው ሀብቱ ከብቱ ነው፤ ዓሣ በማዕዱ ላይ የተለመደ አይደለም።

ታዲያ እኔን ስለ ዓሣ ምን አስጻፈኝ? ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥር አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ዙሪያው በረዶ ነው። እርሱ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ልብስ ለብሶ ወንዝ ውስጥ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ትልቅ ግድብ ይታያል፤ በእጁም ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ይዟል። ከሥሩ «ያንተም ኦሞ ግድብ አለው፤ ዓሣችሁ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ጨምሮበታል። ጥያቄውን እንደ ቀልድ አላለፍኩትም፤ ምክንያቱም ጥያቄው ኦሞራቴ ያሉ ወዳጆቼን የዕለት እንጀራ የሚነካ ነው።

በቅድሚያ የዘመዴን ነገር እንጨርስ። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። በእነርሱ ክረምት፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥና ጥር፣ ብዙ ወንዞች በረዶ ይሠራሉ። ከትልቅ ግድብ ሥር የሚለቀቀው ውሃ ግን ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለሚመጣ በክረምት እንደ ሌላው ወንዝ አይረጋም፤ በሙቀቱም ወራት አይሞቅም። ስለዚህ ዓሣው ዓመቱን ሙሉ ይመገባል፣ ይፋፋል። አርካንሳስ በተባለው ግዛት ሊትል ሬድ ከሚባል ከግድብ በታች ካለ ወንዝ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ቡናማ ትራውት 18 ኪሎ ያህል መዝኖ በዓለም ክብረ ወሰን ተመዝግቦ ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ ደስታ ሌላ ገጽም አለው። በእነዚያ ወንዞች ቀድሞ የነበሩት፣ ሞቅ ያለ ውሃ የለመዱት ዓሦች ግድቡ በለቀቀው ቅዝቃዜ ተገፍተው ጠፍተዋል፤ ትራውቱን በማርቢያ ጣቢያ አሳድጎ ወንዙ ውስጥ የጨመረው መንግሥት ነው። ተርባይኑ በድንገት ሲከፈትም ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚነሣ አጥማጆችን የሚያስጠነቅቅ ጡሩምባ ይነፋል።

(ለነገሩ ትራውት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ተለቋል። የዲንሾ አካባቢ ሰዎች ስለ ዌብ ወንዝ ዓሣ ከእኔ የተሻለ ይነግሯችኋል። ቆላው ኦሞ ግን ለትራውት ሞት ነው።)

የእኛ ጉዳይ ወዲህ ነው። ኦሞ ከመካከለኛው የአገራችን ደጋ ተነሥቶ፣ ጊቤንና ጎጀብን ይዞ፣ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የኦሞ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጊቤ ሦስት በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግድቡ በላይ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተኛው ሐይቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከግድቡ በታች ደግሞ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶም፣ በመጨረሻም ዳሰነች አሉ።

ባለፈው ጥር ወር አንድ ቅዳሜ ሌሊት ከቱርሚ በጭነት መኪና ተነሣሁ። ኦሞራቴ ከእኛ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ደረስን። ወዳጄ ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ የዳሰነች አባት ናቸው፤ አማርኛ ስለማይችሉ እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማረው የመጨረሻ ልጃቸው ያስተረጉምልን ነበር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ውስጥ መረቡን ሲጎትት አገኘሁት። ሦስት ቆሮሶ፣ አንድ ትልቅ አምባዛ፣ ከዚያም ሁለት ሰው ተጋግዞ ያወጣው ናይል ፐርች።

«ማሻ አላህ፤ ጥሩ ቀን ነው» አልኩ።

አባትየው ሣቁ። ከዚያ የተናገሩትን ልጁ ቀስ እያለ ተረጎመልኝ። «መምህር፣ አንተ ዓሣ ታያለህ። እኔ ግን የማየው ከብት የሌለው ልጅ ነው።»

ይህን አባባል ለመረዳት የዳሰነችን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዳሰነች ዘንድ ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ዓሣ ያሰግራል፣ አዞ ያድናል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ዲየስ» ይሏቸዋል፤ ድኾች ማለት ነው። ስለዚህ መረብ መያዝ ለእኒህ አባት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከማዕረግ መውረድም ነው። ቀድሞ ግን በከብቱና በዓሣው መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር ነበር፤ እርሱም የወንዝ ዳር እርሻ።

ነገሩ እንዲህ ይሠራ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው ሲዘንብ ኦሞ ይሞላል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሳል። ውሃው ሲመለስ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ሰዉም በእርጥቡ ላይ ማሽላ ይዘራል። ዝናብ ሳይጠበቅ፣ ማዳበሪያ ሳይገዛ በበጋው መካከል እሸት ይበላል። ዓሣውም ከዚሁ ጎርፍ ጋር የተቆራኘ ነው። አምባዛውና ሌሎችም ብዙ ዓይነቶች ጎርፉ ወዳለበሰው ሣር ገብተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ጫጩቶቹ ከትልልቆቹ ዓሦች ተደብቀው እዚያው ያድጋሉ። ውሃው ሲመለስ በየጉድጓዱ ኩሬ ይቀራል። ወዳጄ በወጣትነታቸው የበጋ ዓሣ ማለት ይህ እንደነበር አጫወቱኝ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ኩሬው ሲያንስ ሴቱም ልጁም ወርዶ በጦርና በቅርጫት ያፍስ ነበር። ታንኳ አያስፈልግም፤ አዞም ብዙ አያሰጋም።

ግድቡ የለወጠው ይህን ነው። ተርባይን ዓመቱን ሙሉ እኩል ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ የክረምቱ ሙላት ከግድቡ በስተኋላ ይከማቻል፤ በበጋው ደግሞ ወንዙ ከቀድሞው ይበልጥ ይወርዳል። ደለሉም ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ለመብራት ኃይል ይህ የሥራው ዓላማ ነው። ለኩሬው ዓሣና ለዳርቻው ማሽላ ግን መስከረም ያለ ጎርፍ መጣ ማለት ነው። ግድቡ ሲታቀድ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ በጥናቱ ላይ ተጽፎ ነበር። የታችኛው ኦሞ ነዋሪ የጠበቀው ይህ ጎርፍ እንደተባለው አልመጣም። የስኳር ልማቱ ቦይ በመስኖ የሚጠልፈው ውሃም በዚህ ላይ ተጨመረ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። ጎርፍ ሁልጊዜ በረከት አልነበረም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከልክ በላይ ሞልቶ በዳሰነች ምድር 364 ሰዎች እንደሞቱ ተዘግቧል፤ በሺህ የሚቆጠሩ በደሴት ላይ ተከበው በሄሊኮፕተርና በጀልባ ተረድተዋል። የወዳጄ ታናሽ እኅት ከነልጇ በዚያ ሌሊት ነው የሄደችው። «ግድቡ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እርሷ ትኖር ነበር፤ እኛም እንዲህ እንራብ ነበር» አሉ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ነው። በከባድ ዝናብ ምክንያት ቱርካና ሐይቅ ከፍ እያለ ሄዶ ወደ ሰሜን ተስፋፋ፤ የኦሞም አፍ ወደ ኋላ ሞላ። የግጦሽ መሬቱ ሐይቅ ሆነ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀቁ፤ ውሃው ለኦሞራቴ ከተማ ራሷም አሰጋት። ሲዘሩበት የነበረው ጎርፍ ቀርቶ፣ ያልጠሩት ውሃ መጣ። ዓሣው ግን በሰመጠው ሣር ውስጥ መራቢያና መሸሸጊያ አገኘ። ስለዚህ መረብ የሚጥሉት ወጣቶች በዙ፤ ከብታቸው ያለቀባቸው አባቶችም ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ ውሃው ወረዱ።

እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው መረቡ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ቆሮሶ ሳይቀር ይጠርጋል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይህን ለመቆጣጠር የወጣ ነው፤ ነገር ግን ርካሹ መረብ ዓይኑ የጠበበው ሲሆን፣ ገንዘብ የሌለው አባት ምን እንደሚገዛ መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው የከፋ ነው። ሐይቁ የሁለት አገር ነው። ዓሣውን ተከትሎ የሄደ የዳሰነች ታንኳ ከቱርካናው ጀልባ ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በድንበሩ አካባቢ በሁለቱ ሕዝቦች ዓሣ አስጋሪዎች መካከል ደም ፈስሷል፤ ከሁለቱም ወገን ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ አሉ። ከዚያ ወዲህ የወዳጄ ልጅ ወደ ሐይቁ አይወርድም፤ ወንዙ ላይ ብቻ ይሠራል። እናቱ ያስማለችው ነገር አለ።

ስለ ማዕዳችንም ጥቂት ልበል፤ ቱርሚና ጂንካ ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ። ዓሣ ማረድ አያስፈልገውም፤ የውሃ አደን የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛው አንቀጽ ተነግሯል። ያጠመደው ሰው ሙስሊም ባይሆንም ዓሣው ሐላል ነው። ስለዚህ ከዳሰነች ወንድሞቻችን መግዛት የሚያጠራጥር አይደለም። ሞቶ ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን በተመለከተ ሻፍዒዮች ሲፈቅዱ፣ ሐነፊዮች ግን አይበሉትም። ያም ሆነ ይህ በኦሞራቴ ሙቀት ተንሳፍፎ የተገኘ ዓሣ ከፊቅሁ በፊት ሆድን ያሳምማል።

የእኔ ባለቤት በጊዜ ብዛት የተማረችውን ላካፍላችሁ። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ዓሣ ትኩስ ነው። ሆድ ዕቃው እዚያው ወንዝ ዳር መውጣት አለበት፤ ቱርሚ ድረስ ከነሆድ ዕቃው የመጣ ዓሣ ለድመት ነው። በረዶ ከሌለ ውስጡን በጨው አሽቶ፣ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መንገድ መጀመር ነው። ለልጆች ናይል ፐርች ይሻላል፤ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ለመልቀም አይቸግርም። እርሷ በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጥብስ ትሠራዋለች፤ ጎረቤቶቻችን የሆኑት የሐመር ልጆች መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ፤ አሁን ሽታው ሲወጣ በር ላይ ይቆማሉ።

ያን ቅዳሜ አንድ ቆሮሶ ከፍዬ፣ አንድ በስጦታ ተሰጥቶኝ ልነሣ ስል አባትየው ወደ ዳርቻው ወሰዱኝ። ጭቃው ውስጥ አንድ በትር ተተክሏል፤ በትሩ ላይ በቢላዋ የተቆረጡ ምልክቶች አሉ። ልጃቸው በየማታው ውሃው የደረሰበትን ይፈርጥበታል። ከላይኛው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ያለውን ምልክት በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህ ያለፈው ሳምንት ነው። ዝናብ የለም፤ ደመናም አላየንም። ውሃው ግን ተነሣ። ዱሮ ወንዙን ሰማይ ይነግረን ነበር» አሉና ወደ ልጁ ዞረው ሌላ ነገር ጨመሩ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

ልጁ ትንሽ አፈረ። «መምህር ስልክ ስላለው፣ ከግድቡ ውሃ ሲለቁ ቀድሞ ይደውልልን ይላሉ።»

የምደውልለት ሰው እንደሌለኝ ነገርኳቸው። አባትየው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ልጁም ቢላዋውን አውጥቶ የዕለቱን ምልክት ቆረጠ።