ምጣድና መለኪያው

የምህንድስና ንድፍ በመማሪያ መጻሕፍት ሲቀርብ ችግርን በመለየት ይጀምርና መስፈርት በማውጣት፣ አማራጮችን በማመዛዘን፣ ናሙና ሠርቶ በመሞከር አልፎ ወደ ምርት የሚደርስ፣ በየደረጃውም ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚታረም የሥራ ቅደም ተከተል ተደርጎ ነው። ይህ አገላለጽ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም መስፈርት፣ ማለትም የሚሠራው ዕቃ ምን ማሟላት እንዳለበትና ይህም በምን እንደሚለካ አስቀድሞ የሚወስነው ዝርዝር፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ሁሉ የሚገዛ መሆኑ በበቂ አይነገርም። በኢትዮጵያ ይህን ከእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ አብልጦ የሚያሳይ የንድፍ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ምጣድ ወርዱ ወደ 60 ሴንቲሜትር የሚጠጋ የሸክላ ገበታ ሲሆን፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየዞረ በሚፈስበት ጊዜ ፊቱ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መጋል ይኖርበታል። ከግለቱ መጠን ይልቅ የሚያስቸግረው ግን እኩል መዳረሱ ነው፤ መሃሉ ግሎ ጠርዙ ከቀዘቀዘ እንጀራው በአንድ በኩል ያርራል፣ በሌላው በኩል ዐይን ሳያወጣ ይቀራል። ጋጋሪዎች ከወፍራም ግንድ ይልቅ ጭራሮ፣ ቅጠልና ኩበት የሚመርጡት፣ ነበልባሉ ቶሎ ተነሥቶ በምጣዱ ሥር በሙሉ ስለሚሰራጭና እንደ አስፈላጊነቱ ከዚህም ከዚያም ሊገፋ ስለሚችል ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ግን አብዛኛው ሙቀት በጉልቻዎቹ መካከል ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ጢሱም የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተነደፈው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። የተሠራውም ከሲሚንቶና እንደ ፑሚስ ካለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድብልቅ ነው፤ ድንጋዩ በውስጡ የያዛቸው ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ሙቀቱ በግድግዳው በኩል በቀላሉ እንዳያልፍ ይከላከላሉ። በብረት ቅርጽ ማውጫ እየተጣለ የሚመረት በመሆኑ በትንሽ ወርክሾፕ ሊሠራ ይችላል። ክፍሎቹ ተገጣጥመው እሳቱን ዙሪያውን ይከባሉ፤ ከኋላ በኩል ደግሞ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በከንቱ እንዳይባክን ድስት የሚቀመጥበት ቦታ ተበጅቶለታል። ክፍሎቹ የሚነጣጠሉ መሆናቸው ለቤት ተከራይ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤት ሲለቅ ምድጃውን ፈታትቶ ይዞት ይሄዳልና። ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ምድጃ በሙከራ ሲመዘን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል እንደሚቆጥብ ታይቷል።

የሙከራው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ምድጃን ለመለካት በዓለም ላይ በሰፊው የተለመደው ዘዴ በድስት ውኃ አፍልቶ የነደደውን ማገዶ መመዘን ነው፤ ምጣድ ግን ውኃ አያፈላም፣ ስለዚህ ይህ መለኪያ ስለ እንጀራ የሚናገረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በምትኩ የሚሠራበት ቁጥጥር የሚደረግበት የማብሰል ሙከራ ሲሆን፣ አንዲት ጋጋሪ እኩል የተመዘነ ሊጥና ተመሳሳይ እርጥበት ያለው እንጨት ይዛ በሁለቱም ምድጃዎች ትጋግራለች፤ ሊጡ ሲያልቅ የተረፈው እንጨትና ከአመዱ መካከል የሚለቀመው ከሰል ተመዝነው ከመጀመሪያው ክብደት ይቀነሳሉ፤ ውጤቱም ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ማገዶ እንደሄደ ይነግራል። ሙከራው በዚህ ካበቃ ግን ጎደሎ ነው፤ በሰው ቤት ለቀናት ሲመዘን እንጨቱ እርጥብ ይሆናል፣ ቡናው በዚያው በድሮው ጉልቻ ይፈላል፣ ልጅ እየሮጠች የማገደችው እሳት ከልክ በላይ ይነድዳል፤ የቁጠባው ቁጥርም ያንሳል። ለጋሾች ፊት የሚቀርበው ዘወትር ትልቁ ቁጥር መሆኑ በዘርፉ ለሚሠሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚከፋው በመስፈርቱ ውስጥ ጭራሽ ያልገባው ነው። ክፍት እሳት በደጋ አገር ምሽት ቤት ያሞቃል፣ መብራት ይሆናል፣ ጢሱም የሣር ክዳንን ከተባይ ይጠብቃል፤ እሳቱን አጥሮ የያዘ ምድጃ እነዚህን ሁሉ ሳያስፈቅድ ይወስዳል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሴቶችም በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም፤ በከተማው ማጀት የተቆጠበው ማገዶ ለእነርሱ የጠፋ ገበያ ነው። ይህን ማንሳት ምድጃው መሠራት አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ጉዳቱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ጥቅሙ ብቻ መመዘኑ ግን ባለሙያውን የሚያስወቅስ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢሱን ከማጀት አስወጥቷል፤ ይህን ያህል ትልቅ ጥቅም ያስገኘ ሌላ የማጀት ዕቃ አለ ማለት ይከብዳል። በሸክላው ጀርባ በተጠማዘዘ ቦይ ውስጥ የሚቀበረው የማሞቂያ ሽቦ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ጠርዙ ወደ ጎንም ሙቀት ስለሚለቅ የሽቦው ዙር በዳር በኩል ጠበቅ ብሎ መቀበር ይኖርበታል፤ ቦዩን በእኩል ርቀት የቆፈረ ሠራተኛ ያወጣው ምጣድ መሃሉን ያሳርራል። ሸክላው ቀስ ብሎ የሚግል ስለሆነ ከመጀመሪያው እንጀራ በፊት የሚባክነው ኃይል ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት እንጀራ ለመጋገር ምጣድ መሰካት ኪሳራ ነው። ችግሩ ከአንድ ቤት ሲያልፍ ደግሞ መልኩን ይለውጣል፤ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች ተራ ይይዛሉ፣ በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል፣ መብራት በመሃል የሄደባት ጋጋሪም ሊጧ እስኪኮመጥጥ ትጠብቃለች።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ያጋጠማቸው ደግሞ ሌላ ወሰን ነው። በዚያ አገር የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር በመሆኑ ከ1,800 ዋት በላይ አይሰጥም፤ የአገር ቤቱን ምጣድ ሊሸከም አይችልም ማለት ነው። ብዙዎች የተጠቀሙበት የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን «ለፍሰ» የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት፣ ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም መጋገሪያ ነው። ስፋቱ ከ60 ሴንቲሜትሩ ምጣድ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ የአገር ቤቱ 3,500 ዋት በዚሁ ልክ ሲቀነስ 1,550 ያህል ስለሚሆን ግን በሶኬቱ አቅም ውስጥ ይገባል። የስደት እንጀራ ማነስ ከጣዕም ወይም ከልማድ ሳይሆን በዋናነት ከዚህ ስሌት የመጣ ነው፤ ትልቁን እንጀራ የፈለገ ቤተሰብ ለልብስ ማድረቂያ የሚዘረጋውን ዓይነት የ240 ቮልት መስመር ማስገባት ይኖርበታል።