ዋሽንግተንን ያሸበሩት 3 ሳምንታት
እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2002 ጠዋት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ አራት ሰዎች ተገደሉ። አንዱ ሣር እያጨደ፣ አንዱ ቤንዚን እየቀዳ፣ አንዷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንዷ መኪናዋን እያጸዳች ነበር። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥይት ብቻ! ተኳሹን ያየ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ቤንዚን ሲቀዳ ከመኪናው ጀርባ ያጎነብስ፣ ወደ ሱቅ ሲገባ ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዘ ይሮጥ ጀመር። ማደያዎች ሸራ ጋረዱ። ፖሊስ ነጭ ቫን ሲያስስ ከረመ። ገዳዮቹ የሚነዱት ግን ሰማያዊ ሼቭሮሌት ነበር፤ የሚገርመው፣ መኪናው ድሮ የፖሊስ ነበር። ከታርጋው በላይ በተበሳ ቀዳዳ አፈሙዙን አነጣጥረው፣ ውስጥ ተጋድመው ይተኩሱ ነበር።

10 ሰው ሞቶ 3 ከቆሰለ በኋላ፣ ጆን አለን መሐመድና የ17 ዓመቱ ሊ ቦይድ ማልቮ ኦክቶበር 24 ሌሊት ሜሪላንድ ውስጥ በአውራ ጎዳና ዳር መኪናቸው ውስጥ እንደተኙ ተያዙ። መሐመድ እ.ኤ.አ. በ2009 በሞት ተቀጣ። መርማሪዎች ሁለቱ ከመያዛቸው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ አትላንታ ላይ የተፈጸመውን የአንድ ኢትዮጵያዊ ግድያም ከእነዚሁ ሰዎች ጋር አያይዘውታል።