ስለ ሰው ተኩላ የተጻፈ የፍቅር ልብ ወለድ

ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ከመሥሪያ ቤት ጉዳይ እጅግ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ወጣቶች በጉጉት የሚያነቡትን መጽሐፍ ምንነት ማወቅ የአሳዳጊ ተግባር ስለ ሆነ ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን። ነገሩ ሰው ሳለ ወደ ተኩላ ስለሚለወጥ ወጣትና ስለምትወደው ልጅ ነው።

ሰው ተኩላ ይሆናል የሚለው ተረት በአውሮፓ የቆየ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ማሪ ደ ፍራንስ የተባለች ባለቅኔ ስለ አንድ መኰንን ጽፋለች። ሚስቱ ምስጢሩን ባወቀች ጊዜ ልብሱን አሰርቃ ተኩላ እንደ ሆነ እንዲቀር አደረገችው፤ ንጉሡ ግን በአውሬው ጠባይ ውስጥ የሰው ልብ መኖሩን አስተዋለ። እንግዲህ የዚህ ዐይነት ታሪክ ዋና ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ይኸውም አውሬ በሚመስለው ውስጥ ሰውየውን ማን ያየዋል የሚል ነው።

አሜሪካዊቱ ደራሲ ማጊ ስቲፍቫተር በ2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009) ያሳተሙት መጽሐፍ «ሺቨር» ይባላል፤ ትርጓሜውም በብርድ መንዘፍዘፍ ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሚኒሶታ ግዛት፣ መርሲ ፎልስ በተባለች የልብ ወለድ ከተማ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሰውን የሚለውጠው እንደ ሌሎቹ ተረቶች የጨረቃ መሙላት ሳይሆን ብርድ ነው። በተኩላ የተነከሰ ሰው በሞቃቱ ወራት ሰው ሆኖ ይኖራል፤ በረዶ ሲወርድ ተኩላ ይሆናል። ሰው የሚሆንበትም ጊዜ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ተኩላ እንደ ሆነ ይቀራል።

ግሬስ በ11 ዓመቷ ተኩላዎች ከቤቷ ጓሮ ጎትተው ወሰዷት፤ ሕይወቷን ያተረፈው ዐይኑ ቢጫ የሆነ አንድ ተኩላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በብርዱ ወራት ያንን ተኩላ ከመስኮቷ ሆና ትጠብቀዋለች። ወላጆቿ በራሳቸው ጉዳይ ስለሚጠመዱ ቤቱን የምታሰናዳው እርሷ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ነገሯን የምታውቅ ልጅ ናት። ሳም ግን ግጥምና መጽሐፍ ወዳድ፣ መዝሙር ደራሲ ነው። በሕፃንነቱ ተነክሶ ሲለወጥ ያዩት ወላጆቹ ሊገድሉት ስለ ሞከሩ ያሳደገው ቤክ የሚባል ሌላ ሰው ነው።

አንድ ተማሪ በተኩላዎች ተበላ ተብሎ በተወራ ጊዜ የከተማው ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ወደ ጫካ ወጡ። በዚያው ቀን ግሬስ ከደጃፏ በጥይት የቆሰለ ወጣት አገኘች፤ ዐይኖቹም ቢጫ ነበሩ። ሳም ይህ ዓመት ሰው ሆኖ የሚኖርበት የመጨረሻው እንደ ሆነ ስላመነ ፍቅራቸው ከብርድ ጋር የሚደረግ ትግል ሆነ። ደራሲዋም በየምዕራፉ አናት የተናጋሪውን ስምና የዕለቱን ሙቀት መጠን ስላሰፈሩ አንባቢው ቁጥሩ ሲወርድ ባየ ቁጥር ይሠጋል። በመጨረሻም ኀይለኛ ትኩሳት ለውጡን ይሽር እንደ ሆነ ብለው የማጅራት ገትርን ደዌ እስከ መሞከር ይደርሳሉ፤ ውጤቱን ከመጽሐፉ ታገኙታላችሁ።

በእኛም አገር ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ሲባል እንደ ኖረ የማያውቅ የለም። በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ባለ እጅ ከጋብቻና ከማዕድ ተለይቷል! ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ሐሜቱ ከአዋጁ በኋላ ኖሯል። በልብ ወለዱ ተኩላ የሚሆነው ሰው እንኳ የሚወደው ሲያገኝ፣ በእኛ ዘንድ አንዳች ያልተለወጠው ጎረቤት አውሬ ተባለ።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ብታገኟቸው ከመገሠጻችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው። ጠመንጃ ይዘው ወደ ጫካ ከወጡትና በመስኮት ሆና ከምትጠብቀው ልጅ ማንኛቸው በትክክል አይተዋል? መልሳቸውን ከሰማችሁ በኋላ የቀጥቃጩን ነገር አንሡላቸው።