የኦሊምፐስ አማልክት ለግብዣ ወዴት ሄዱ?

በዴንቨርና በኦሮራ ወጣት ልጅ ያለበት የሐበሻ ቤት ጎራ ያለ እንግዳ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ተራራ የሚወጣ ልጅ ሳያጋጥመው አይቀርም። ተራራው በመስኮት በስተምዕራብ የሚታየው የኮሎራዶ ተራራ አይደለም፤ የግሪኮች አማልክት መኖሪያ የተባለው ኦሊምፐስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሦስተኛው «ጎድ ኦፍ ዎር» የቪዲዮ ጌም የሚጀምረው እዚያው ገደል ላይ ነው። ክራቶስ የተባለው የስፓርታ ተዋጊ የአማልክቱን ንጉሥ ዜውስን ሊገድል፣ በግዙፏ በጋያ ጀርባ ላይ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። (ደም የበዛበት ጌም ስለሆነ ለሕፃናት አይሆንም።)

በጌሙ ኦሊምፐስ ሰማይ ይነካል። በእውን ያለው የግሪክ ተራራ ግን 2,917 ሜትር ነው። የኮሎራዶ ቁንጮ ማውንት ኤልበርት 4,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ይበልጣል። ዜውስን አሳምሮ የሚያውቀው ልጅ ግን ስለ ራስ ደጀን ማን ነግሮት?

ግሪኮቹ ራሳቸው ወደኛ ያዩ ነበር። ሆሜር በ«ኢሊያድ» መጀመሪያ ላይ፣ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ እንደሄደና በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደሚመለስ ያወራል። እርግጥ የዚያን ጊዜ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ስለነበር፣ ድግሱ ጎንደር ነበር ብሎ መማል አይቻልም።

የስሜን ተራሮች ነገር ግን ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ፣ አፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት ሲዘጋጁ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ዛሬ በኤርትራ ምድር ወደሚገኘው አዱሊስ ደረሰ። እዚያ በነበረ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው ንጉሡ አዝዘው ነበርና፣ ኮስማስ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ሆኖ ገለበጠው። ያስቀረጸው ከካሌብ በፊት የነበረ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ መጀመሪያው ስለጠፋ ስሙ አልታወቀም። ይህ ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን ሲዘረዝር የስሜንን ሰዎች ያነሣል። ወንዝ ተሻግሮ እንደዘመተባቸው፣ ለመውጣት በሚያስቸግር ተራራ ላይ እንደሚኖሩ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ይናገራል። በዴንቨር ክረምት አካፋ ይዞ መኪናውን የፈለገ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ዙፋኑ ዛሬ የለም። የንጉሡ ቃል የተረፈው ኮስማስ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስላሰፈረው ነው።