በሐይቅና በአምባሰል ባህል በሥራ የሚተላለፍበት መንገድ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ከተማ ያገኛል፤ ወደ ሰሜን ሲያልፍም የአምባሰል አገር ይቀጥላል። ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የትምህርት ስፍራ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕተ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የመምህራን መፍለቂያ እንዳደረጉት የታወቀ ነው። ነገር ግን ወደ ገዳሙ ሴት ስለማትገባ፥ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የአገሩን ባህል አብረው የሚማሩበት ስፍራ መንደሩ ነው። የመንደሩም ትምህርት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ የሚሰጥ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያዎቹ ምሳሌዎች ደቦና ወንፈል ናቸው። ሁለቱ በሩቅ ለሚመለከታቸው አንድ ይመስላሉ። በደቦ ባለ እርሻው ጎረቤቶቹን ጠርቶ ያሠራል፤ ያበላል፥ ያጠጣል፤ ጉልበቱን ግን ቀን በቀን ቆጥሮ አይመልስም። በወንፈል ዛሬ ያገዘን ሰው ነገ ሄዶ ማገዝ ግድ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን መጥቶ ያጨደ እንግዳ የማጭድ አያያዝን ተምሮ ይሆናል፤ ወንፈልን ግን የሚያውቀው የተቀበለውን ጉልበት በተራው ሲመልስ ነው።

በቤት ውስጥም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው። ልጅት ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ በወስፌና በስንደዶ ሰፌድ ትጀምራለች፤ የተጣመመውም ተፈትቶ እንደ ገና ይሰፋል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንዲጠራ የሚላከው ልጅ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲኒውን ሲያድል ታላቅን ማስቀደም ይለምዳል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ትምህርት በድግስ ቀን ይገኛል። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው፥ ብዙ ጊዜም ተዋልደው ስለሚኖሩ፥ ለሁለቱም ወገን ዕርዱ ለየብቻ ይዘጋጃል። ምግቡን የሚያቀርበው ወጣት ሳህኑ እንዳይቀያየር ሲጠነቀቅ የጎረቤቱን እምነት ማክበር ይማራል። ሞት ሲደርስም በቅሬ የታቀፉ ቤተ ሰቦች ቀብሩንና የሐዘንተኛውን ቤት በጋራ ይረዳሉ።

ከባህሉ አንዳንዱ ከስፍራው ርቆ ሊኖር ይችላል። አምባሰል የተባለው ቅኝት ከትዝታ፥ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ስለ ሆነ፥ አምባሰልን ያላየ ሰው እንኳ በክራር ይማረዋል። ወንፈልና ቅሬ ግን ካለ ጎረቤት አይኖሩም፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ በቅድሚያ የሚጎድለው ተራውን የሚመልስ ሰው ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጉባኤ ያጸደቀው፥ ኢትዮጵያም በ2006 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት፥ ባህሉን የሚጠብቁት ማኅበረ ሰቦች በጥበቃው ሥራ ተካፋይ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በሐይቅና በአምባሰል ይህ ማለት ሥራውን የሚመርጡትና የሚመሩት ባለ አገሮቹ ይሁኑ ማለት ነው። ቤተ ሰቦችን ከባህሉ ጋር ለማስተዋወቅ የሚያስብ ትምህርት ቤት ወይም ሙዚየም የአንድ ቀን ትርኢት ከማዘጋጀት ይልቅ፥ በአጨዳው የታገዘው ቤተ ሰብ በውቂያው ተመልሶ የሚያግዝበትን ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባ ይገባል።