የእግር መደንዘዝና የቪታሚን ኪኒን

በጅቡቲ ከተማ ከባሕሩ ዳር ያለው የሀራሙስ ሠፈር የኤምባሲዎችና የባለጸጎች መኖሪያ ነው። በበረታው የሙቀት ወራት ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፥ በዚያ የሚኖር ሰው ድካም ቢሰማው አያስደንቅም፤ ወደ ሐኪም ከመሄድም ይልቅ ያለ ትእዛዝ የሚሸጠውን ቪታሚን ገዝቶ መዋጥ ይቀለዋል። በዚህ ነገር በቪላው የተቀመጠው ነጋዴና ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር አይለያዩም። ጤነኛ ለሆነው ሰው ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ብክነት ብቻ ነው። ከረጅም ሕመም ጋር ለሚኖረው ግን ያው ኪኒን አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል፤ ይህም በእግር መደንዘዝ ላይ በግልጥ ይታያል።

ነገሩን አስቀድሞ ያስተማረው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። በሽታው በጅቡቲ እጅግ የተስፋፋ ሲሆን፥ ፖል ፎር በሚል ስም ለብዙ ዘመን የታወቀው ሕክምና ቤት የቆመው ለዚሁ ነበር። ኢሶኒያዚድ የተባለው መድኃኒት በ1952 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፥ ከሳላቸው የዳኑ አንዳንድ ሕሙማን እግራቸው ይደነዝዝና ያቃጥላቸው ጀመር። ሲመረመርም መድኃኒቱ በሰውነት ያለውን ቪታሚን ቢ6 እየያዘ ከሽንት ጋር የሚያስወጣ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ሁሉም እኩል አልተጎዱም። ጉበት መድኃኒቱን የሚለውጥበት ፍጥነት ከወላጅ የሚወረስ ነውና አንዱ ቶሎ፥ ሌላው ቀስ ብሎ ይለውጠዋል፤ በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ምርመራም ከግማሽ የሚበልጡት ከዘገምተኞቹ ወገን ሆነዋል። በእነዚህ ሰውነት መድኃኒቱ ስለሚቆይ ቢ6 ይበልጥ ይጎድላቸዋል። ስለዚህ ለእርጉዞች፥ ምግብ ላነሳቸው፥ የስኳር በሽታ ወይም ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው የነቀርሳ ሕሙማን በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ቢ6 አብሮ ይታዘዛል።

ይህን የሰማ ሰው መጠኑን ቢጨምር ጥቅሙም የሚጨምር ይመስለዋል። በ1983 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ቢ6 ይወስዱ የነበሩ 7 ሰዎች እግራቸው ደንዝዞ ደኅና አድርጎ መራመድ እንደ ተሳናቸው ገለጡ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን የተጎዱም ስለ ተገኙ፥ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ዓ.ም. የአዋቂን ሰው ወሰን በቀን 12 ሚሊግራም አድርጎታል፤ ሐኪም እየተከታተለ የሚያዘው ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ለነርቭ ተብለው በሚሸጡ ኪኒኖች ውስጥ ግን 100 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። የጎደለውም የበዛውም ቪታሚን የሚያመጣው ስሜት አንድ ዓይነት በመሆኑ ሕመምተኛው ይታለላል፤ እግሩ በደነዘዘ ቁጥር ኪኒኑን ይጨምራል።

የስኳር ሕመምተኛው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ስኳሩ ራሱ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ስኳሩን ለማውረድ የሚወስደው ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ በአንዳንዱ ሰው ላይ ቪታሚን ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል፤ ጉድለቱም እግርን ያደነዝዛል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው የደም ምርመራና ቢ12 እንጂ ቢ6 አይደለም። ደም አንሶኛል ብሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ ቢወስድ ደሙ የተሻለ ይመስላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ልዩነቱ በእግር ብቻ አይወሰንም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ቪታሚን ኤ እየተጠራቀመ መርዝ ይሆንበታል፤ ዋርፋሪን ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛም ቪታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንስበታል። በታንዛኒያ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ላልጀመሩ ሴቶች ቪታሚን ቢ፥ ሲና ኢ ተሰጥቶ የበሽታው መክፋት እንደ ዘገየ በ2004 ዓ.ም. ተገለጠ። መድኃኒቱን በጀመሩት ላይ ሲሞከር ግን ከፍተኛው የቪታሚን መጠን ከተራው ያልበለጠ መሆኑ በ2012 ዓ.ም. ታተመ፤ የጉበት መታወክ ምልክት በደማቸው ስለ ጨመረም ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆሞ ነበር።

የነቀርሳ ሕክምና ቢያንስ ወራት ይፈጃል። መድኃኒቱን ከጅቡቲ፥ ቪታሚኑን ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ የሚገዛ ሾፌር ለሁለቱም ሐኪሞች ካልነገረ የሚያውቅለት የለም። እግሩ ቢደነዝዝ ኢሶኒያዚዱን በገዛ ፈቃዱ ማቆም አይገባውም፤ የሚውጠውን ሁሉ ከነጠርሙሱ በከረጢት ይዞ ቢቀርብ ይሻላል። የጅቡቲው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው፤ ቢ6 ፒሪዶክሲን፥ ቢ12 ደግሞ ኮባላሚን ተብሎ ይገኝበታል። በልዩ ልዩ ስም የተሸጡ ሁለት ጠርሙሶች ያንኑ ፒሪዶክሲን ይዘው ሲገኙ ድምሩን ማስላት የሐኪሙ ወይም የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ሥራ ነው።