ከቀፎ ወደ ቀፎ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ንብ አናቢ መንጋውን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ቀፎ ሲያዛውር ንቡን እንጂ የማር እንጀራውን እንዳለ አያዛውርም። በእበት በተለሰነው ሞላላ ቀፎ ውስጥ እንጀራው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይሠራል፤ የሣጥኑ ፍሬሞች ግን በሌላ ልክ የተቆረጡ ናቸው። ስለዚህ አናቢው አስቀድሞ የታተመ ሰም ፍሬሙ ላይ ያያይዛል፣ አበባ የሚበዛበትን ወቅት ይጠብቃል፣ አውራዋ መግባቷንም ያረጋግጣል፤ እሷ ከቀረች መንጋው አይረጋም። የመሥሪያ ቤት መዝገብ የያዘን ቨርቹዋል ማሽን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ማዛወርም እንዲሁ ነው። ፋይሉን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ፈተናው በውስጡ ያለው ሥርዓት አዲሱን ቤት ማወቁ ላይ ነው። ይህን ፈተና ሳይቸግር በደህናው ቀን ያልሞከረ መሥሪያ ቤት፣ መዝገቡ የራሱ ነው ለማለት ይቸግረዋል ብዬ አምናለሁ።

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ሐሳቡን አይቢኤም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትላልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ጀመረው፤ በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ደግሞ ወደ ተራው ኮምፒውተር አወረደው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም የአንዱን ሰርቨር ጉልበት ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ያካፍላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ዲስክና የራሱ የኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል። ዲስኩ ግን አንድ ትልቅ ፋይል ነው። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በጀትና ወጪ ሲመዘግቡበት እንደኖሩት እንደ አይቤክስ ያለ ፕሮግራም፣ የቆመበት አሮጌ ዊንዶውስ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልጫን ሲል በዚህ መንገድ ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል።

ችግሩ ሃይፐርቫይዘሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ፋይል አለመጠቀማቸው ነው። ቪኤምዌር ቪኤምዲኬ፣ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ቪኤችዲኤክስ፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ኬቪኤም ደግሞ ኪውካው-ቱ የሚባለውን ይመርጣሉ። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ነፃ መሣሪያ አለ፤ ኪሙ ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ይመጣል፣ አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብሎ ያስባል። ዊንዶውሱ ግን በድሮው ቤት የለመደውን የዲስክ መቆጣጠሪያ በአዲሱ ቤት ሲያጣ የራሱን ዲስክ መለየት ይሳነውና በሰማያዊ ገጽ ይቆማል። ከአዲሱ ቤት መሣሪያዎች ጋር የሚያግባቡት ድራይቨሮች እንደ ታተመው ሰም ቀድመው፣ ማሽኑ ገና በድሮው ቤት ሳለ፣ መጫን ነበረባቸው። ሊኑክስ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሆኖም የኔትወርክ ካርዱ ስም ሊለወጥበትና የተሰጠው ቋሚ አድራሻ ሊቀርበት ይችላል። ማሽኑ ባዮስ በሚባለው ማስነሻ የሚነሣ ከሆነ አዲሱም ቤት በባዮስ ማስነሣት አለበት፤ በዩኢኤፍአይ ከሆነም እንዲሁ። ስናፕሾት የሚባሉት የመሃል ቅጂዎች ካሉ ደግሞ ከጉዞው በፊት ወደ ዋናው ዲስክ ይዋሃዱ፤ አለዚያ በቅርብ ጊዜ የተመዘገበው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ማሽኑም በወጉ ይጥፋ እንጂ እየሠራ ሳለ ፋይሉ አይገልበጥ።

«የሚሠራውን ለምን እንነካካለን?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ባለሙያ በሚያጥርበት ወረዳ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሚሠራው ነገር እንዳለ መቆየቱን የሚወስነው ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ወደ 69 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለው፤ በወሩ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመና ነገሩን ሁሉ በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ አዞረው። በ2024 መጀመሪያ ነፃው የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘርም ተቋረጠ፤ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በዶላር የሚታደስ ላይሰንስ ያለው መሥሪያ ቤት በጀቱን ሳይነካ ዕዳው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው።

«ወደ ክላውድ ማውጣት ይሻላል» የሚሉም አሉ። ለአዲስ አበባ ባንክ ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል ግን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ የቡሬ ሰው፣ መዝገቡን ከኔትወርክ ማዶ ብቻ ማስቀመጥን በቀላሉ አይቀበልም። ክላውድም ቢሆን የሌላ ሰው ሃይፐርቫይዘር ነው፤ ከዚያ የመውጣቱ ጥያቄ አይቀርም። ሦስተኛው ተቃውሞ ነፃ ሶፍትዌር ተጠያቂ የለውም የሚል ነው። ኬቪኤም ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ነው፤ በእሱ ላይ የቆመው የኦስትሪያው ፕሮክስሞክስ ለሚፈልግ የድጋፍ ውል ይሸጣል፣ በ2024ም ማሽኖችን ከቪኤምዌር በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ ጨምሯል። እርግጥ የድጋፍ ውሉም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ልዩነቱ ውሉ ሳይታደስ ቢቀር ፕሮግራሙ መሥራቱን አለማቆሙ ነው፤ ይህ ልዩነት ለአንድ ወረዳ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ሙከራው ትንሽ ሆኖ ይጀመር። ከማሽኖቹ እምብዛም የማያሳስበው ይመረጥ፣ አንድ ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ይገኝ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአይሲቲ ተማሪዎችም ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጋር ይቀመጡ፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው። ማሽኑ ተነሣ ማለት ተዛወረ ማለት አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ያለፈውን ወር ሪፖርት ከፍታ ታትም፣ ድምሩን ከድሮው ጋር ታስተያይ፤ አውራዋ መግባቷ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የድሮው ማሽን እስከዚያ ጠፍቶ ይቆይ እንጂ አይሰረዝ። ሁለቱ አንድ ስምና አንድ አድራሻ ስለያዙም በአንድ ኔትወርክ ላይ አብረው አይብሩ።